ንፍፊት ውስጥ ያለ ሹክሹክታ

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል)



ልጅ ሆኜ በባዶ እግሬ ስሮጥ እሾህ የወጋኝ ጊዜ ብዙ ነው። እሾሁ ይወጣል፣ ቁስሉ መግል ይቋጥራል፣ ከዚያ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ብሽሽቴ ላይ አንዲት የምትንከባለል እብጠት ትመጣለች። ስነካት ታመኛለች፣ ስራመድ ታስነክሰኛለች። እናቴ ዳሰስ ታደርግና «ንፍፊት ነው፤ አይዞህ፣ ይጠፋል» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ይጠፋል። የወጋኝ እግሬን ሆኖ ሳለ ብሽሽቴ ምን ቤት ነኝ ብሎ እንደሚያብጥ ግን የሚነግረኝ አልነበረም።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚያች እብጠት ነው። በተለይም እብጠቷ ውስጥ ሴሎች እርስ በርሳቸው ስለሚለዋወጡት መልእክት። መልእክቶቹ ሳይቶካይን ይባላሉ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ፤ ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ንፍፊት የምንለው ሰውነታችን ውስጥ በየቦታው ከተበተኑት በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች አንዱ ሲያብጥ ነው። ከእግር የሚመጣው ፈሳሽ ብሽሽት ላይ ይጣራል፣ ከእጅ የሚመጣው ብብት ላይ፣ ከጉሮሮ የሚመጣው አንገት ላይ። ጀርሙ ወይም የጀርሙ ስብርባሪ በዚያ ፈሳሽ ተጉዞ ዕጢው ዘንድ ሲደርስ የሚጠብቁት አሉ። ከጠባቂዎቹ መካከል ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ነው ዛሬ የምንከተለው፤ ምክንያቱም አንቲቦዲ የሚሠራው እሱ ነው።

አንቲቦዲ ምን ይመስላል? ባላ አስቡ፤ የዳስ ባላ። ከላይ ሁለት ቅርንጫፍ፣ ከታች አንድ እጀታ። ሁለቱ ቅርንጫፎች ጀርሙን ይይዛሉ፤ እጀታው ደግሞ የተያዘው ጀርም ምን ይደረግ የሚለውን ይወስናል። እያንዳንዱ ቢ ሴል የራሱ የሆነ የባላ ጫፍ ይዞ ይወለዳል። የአንዱ ለኩፍኝ ቫይረስ ይገጥማል፣ የሌላው ለመንጋጋ ቆልፍ መርዝ፣ የሦስተኛው ዕድሜውን ሙሉ ከማያገኘው ነገር ጋር።

«ቢ» የሚለው ፊደል የመጣው ከዶሮ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ዶሮ ከጭራዋ አጠገብ የፋብሪሺየስ ቡርሳ የሚባል ትንሽ ከረጢት አላት። ብሩስ ግሊክ የሚባል አሜሪካዊ ይህ ከረጢት የወጣላቸው ጫጩቶች አንቲቦዲ መሥራት እንደሚያቅታቸው አስተዋለ። ጽሑፉን አንድ ታላቅ መጽሔት አልተቀበለለትም፤ በ1956 ስለ ዶሮ እርባታ በሚጽፍ መጽሔት ላይ ወጣ። እኛ ዶሮ ስንበልት ከ12ቱ ብልት የማንቆጥረው ነገር ለአንድ ትልቅ የሳይንስ ዘርፍ ስሙን ሰጠ። ሰው ቡርሳ የለውም፤ የኛ ቢ ሴሎች የሚወለዱት የአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ንፍፊታችን እንመለስ። ቢ ሴሉ የሚገጥመውን ጀርም አገኘ እንበል። ይበቃዋል? አንዳንዴ ይበቃዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይበቃውም። ጀርሙን ውጦ፣ ቆራርጦ፣ ቁራጩን በገጹ ላይ ሰቅሎ ሌላ ሴል ይፈልጋል፤ ቲ ሴል የሚባለውን። ቲ ሴሉ ቁራጩን ካወቀው ይጠጋል፣ ገላ ለገላ ይነካካሉ። ቲ ሴሉ በገጹ ያለውን አንድ ፕሮቲን ቢ ሴሉ ላይ ካለው ሲዲ40 ከሚባል መያዣ ጋር ያቆላልፋል። ከዚያ በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት መልእክቱን ያንጠባጥባል። ሳይቶካይን ማለት ይኸው ነው። አንዱ ሴል የሚያወጣው፣ ሌላው በራሱ መቀበያ የሚሰማው ጥቃቅን ፕሮቲን።

ብዙ ሰው ሳይቶካይንን እንደዚህ እንደኛ ሬዲዮ ያስበዋል፤ አንዱ ይናገራል አገሩ ሁሉ ይሰማል። አብዛኛው እንደዚያ አይደለም። ቡና ላይ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚንሾካሾከው ነው፤ አጠገቡ ያለው ይሰማል፣ በሩ ላይ ያለው አይሰማም። አገር የሚሰማው ሳይቶካይንም አለ፤ እሱን በኋላ እናገኘዋለን።

እንዲህ ያለ የሁለት ሰው ፊርማ ለምን አስፈለገ? ቢ ሴል ሊሳሳት ስለሚችል ነው። የባላው ጫፍ በአጋጣሚ ለራሳችን ኩላሊት ወይም ለራሳችን መገጣጠሚያ ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ መስካሪ ካልመጣ ፋብሪካው አይከፈትም። ፋብሪካ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። አንድ ቢ ሴል የመጨረሻውን ትእዛዝ ተቀብሎ ፕላዝማ ሴል ወደሚባለው ሲለወጥ በየሰከንዱ በሺዎች የሚቆጠር አንቲቦዲ ይረጫል።

የሕፃናት ክትባት ላይ ይህ ነገር ተግባር ሆኖ ታዩታላችሁ። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ባክቴሪያ የለበሰው የስኳር ካባ ብቻውን ቢሰጠው አንቲቦዲ አይሠራም ማለት ይቻላል። ቲ ሴል ስኳሩን አያውቀውም፤ ያላወቀውን ደግሞ አይመሰክርም። ብልሃቱ ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር መስፋት ሆነ። ቢ ሴሉ ስኳሩን ይይዛል፣ ሁለቱንም ይውጣል፣ ፕሮቲኑን ለቲ ሴሉ ያሳያል፤ ቲ ሴሉ በፕሮቲኑ ተታልሎ ለስኳሩ ይፈርማል። በ2007 ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው አምስት ፀሩ ክትባት ውስጥ ይህ የተሰፋ ስኳር አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን «መልእክት» እያልኩ በጅምላ ነው የተናገርኩት። ምን ይላሉ? ማን አዳመጣቸው?

ስለ ሰው ቢ ሴል የምናውቀው ብዙው ነገር የተገኘው ከሕፃናት ቶንሲል ነው። በሐኪም ቤት ተቆርጦ የሚጣል ቶንሲል በቢ ሴል የተሞላ ነው። (በነገራችን ላይ ቶንሲልና እንጥል አንድ አይደሉም። እንጥል መሀል ላይ የምትንጠለጠለው ናት፤ ለጉሮሮ ሕመም እሷን ማስቆረጥ ጥፋት እንጂ ሕክምና አይደለም።) ፈረንሳይ ውስጥ ከሊዮን ከተማ አጠገብ ዳርዲሊ በምትባል ቦታ ዣክ ባንሽሮና ባልደረቦቹ እነዚህን ቢ ሴሎች ሳህን ላይ ለማኖር ይታገሉ ነበር። ሴሎቹ በቀናት ውስጥ ይሞቱባቸዋል። በ1991 ብልሃቱን አገኙት። ሲዲ40ን የሚነካ ነገር አዘጋጅተው ኢንተርሉኪን-4 የሚባለውን ሳይቶካይን ሲጨምሩበት ሴሎቹ ለሳምንታት ተባዙ። በዓመቱ በኢንተርሉኪን-4 ቦታ ኢንተርሉኪን-10ን አደረጉ። በዚህን ጊዜ ሴሎቹ መባዛት ብቻ ሳይሆን አንቲቦዲ በብዛት ማፍሰስ ጀመሩ።

ነገሩ ያስደነቀው ኢንተርሉኪን-10 እስከዚያ ድረስ ዝም አሰኚ ተብሎ ይታወቅ ስለነበር ነው። ሌሎች ሴሎችን «በቃ፣ ተረጋጉ» የሚለው መልእክት ለሰው ቢ ሴል «ሥራ ጀምር» ሆኖ ተገኘ። በአይጥ ቢ ሴል ላይ ይህ ጎልቶ አልታየም። አይጥ ላይ የታየውን ሁሉ ሰው ላይ መደምደም አይቻልም የሚሉ ተመራማሪዎች ይህን ምሳሌ ማንሳት ይወዳሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ኢንተርሉኪን-5ም እንዲሁ ነው፤ የአይጥን ቢ ሴል ሲያነቃቃ የኖረ መልእክት ሰው ላይ ዋና ሥራው ኢዮሲኖፊል ከሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ጋር ሆነ።

በ2000 ደግሞ ኢንተርሉኪን-21 ታወቀ። የሰውን ቢ ሴል ወደ ፕላዝማ ሴል በመግፋት ከሲዲ40 ንክኪ ጋር ሲጣመር ኢንተርሉኪን-10ንም የሚበልጥ ሆነ። ዛሬ ንፍፊት ውስጥ የሚነገረው ዋናው ሹክሹክታ የእሱ እንደሆነ እናውቃለን። እንዴት እርግጠኛ ሆንን? በታመሙ ልጆች ነው።

በ1971 ሂውስተን ውስጥ ዴቪድ ቬተር የሚባል ልጅ ተወለደ። የበሽታ መከላከያ አቅሙ ገና ከመነሻው የተሰናከለ ስለነበር የኖረው ከጀርም በጸዳ የፕላስቲክ ክፍል ውስጥ ነው፤ በ1984 በ12 ዓመቱ አረፈ። የሕመሙ ምክንያት የታወቀው እሱ ከሞተ ከ9 ዓመት በኋላ ነው። ስድስት ኢንተርሉኪኖች፣ ማለትም 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 15 እና 21፣ በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ የመቀበያ ክፍል አለ፤ እሱ ተበላሽቶ ነበር። ዘረ መሉ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ በሽታው የሚይዘው ወንዶችን ነው። እነዚህ ልጆች ቲ ሴል የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ቢ ሴል ግን አላቸው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ልጆች የሌላ ሰው መቅኔ ተሰጥቷቸው ይድናሉ። ከለጋሹ ጤነኛ ቲ ሴል ያድግላቸዋል። ለብዙዎቹ ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ ቢ ሴላቸው የራሳቸው፣ የድሮው እንደሆነ ይቆያል። ቲ ሴሉ መልእክቱን ያደርሳል፣ ቢ ሴሉ አይሰማም። ልጆቹ ሮጠው ይጫወታሉ፣ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ግን ከሰው ደም የተጣራ አንቲቦዲ በየጊዜው በደም ሥር መውሰድ አለባቸው። የእነዚህ ልጆች ቢ ሴል ላብራቶሪ ውስጥ ሲፈተሽ ሲዲ40ውን ይሰማል፤ ለኢንተርሉኪን-21 ግን መልስ የለውም። በኋላ በ2013 የኢንተርሉኪን-21 መቀበያ ብቻ የተበላሸባቸው ሰዎች ሲገኙ የእነሱም አንቲቦዲ አሠራር የተጓደለ መሆኑ ታየ።

(አጭር ሙዚቃ)

ባላውን አልረሳችሁትም አይደል? እጀታው የተያዘው ጀርም ምን ይደረግ የሚለውን ይወስናል ብዬ ነበር፤ ይህ እጀታ ይለወጣል። ቢ ሴል መጀመሪያ የሚሠራው አይጂኤም የሚባለውን ነው፤ አምስት ባላ በአንድ ላይ የታሰረ። ከዚያ በሚሰማው መልእክት መሠረት ጫፉን ሳይነካ እጀታውን ይቀይራል። ለዚህ የራሱን ዲኤንኤ ይቆርጣል፣ መሀል ያለውን ይጥላል፣ የቀረውን ይቀጥላል። የተጣለው አይመለስም።

ኢንተርሉኪን-10 እና 21 በደም ወደሚዘዋወረው አይጂጂ ይገፉታል፤ በእንግዴ ልጅ አልፎ ለፅንሱ የሚደርሰው እሱ ነው። ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባለው መልእክት ወደ አይጂኤ ይወስደዋል፤ ይህ አንጀትን፣ ሳንባን፣ ዓይንን የሚጠብቅ ነው። እንገር ውስጥ በብዛት ያለውም እሱ ነው፤ ቢጫ ነው ተብሎ ታልቦ ሲደፋ የኖረው የእናት የመጀመሪያ ወተት። ኢንተርሉኪን-4 እና ወንድሙ 13 ደግሞ ወደ አይጂኢ ይመሩታል፤ ከአስምና ከአለርጂ ጋር ስሙ ወደሚነሳው።

አይጂኢ የተፈጠረው ለአቧራና ለአበባ ብናኝ አይመስልም። ትል የያዘው ሰው ደም ውስጥ እጅግ ከፍ ይላል። ወስፋትና መንጠቆ ትል በሚበዛበት አገር ታዲያ አስም መብዛት አልነበረበትም? በ1990ዎቹ ጅማ ከተማና ዙሪያው ባለው ገጠር የተሠራ ጥናት አስም በከተማ የበለጠ፣ በገጠር ያነሰ ሆኖ አገኘው። በ2001 የወጣው ቀጣዩ ጥናት ደግሞ ብዙ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲያፏጭ የሚሰማው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን መሆኑን ዘገበ። አንዱ ማብራሪያ ከመልእክቶቻችን ጋር ይገናኛል። ትል ለዓመታት ሲኖር ኢንተርሉኪን-10 ይበዛል፤ ከኢንተርሉኪን-4 ጋር ሲገናኝ ቢ ሴሉን ወደ አይጂጂ4 ያዘነብለዋል። አይጂጂ4 ጀርሙን ይይዛል፣ ጠብ ግን አያነሳም። ትሉ ይኑር ብላችሁ መድኃኒቱን እንዳትተዉ፤ ደም የሚመጠው ያው መንጠቆ ትል ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አገር የሚሰማው መልእክት ያልኳችሁ ኢንተርሉኪን-6 ነው። ኦሳካ፣ ጃፓን ውስጥ ታዳሚትሱ ኪሺሞቶና ቶሺዮ ሂራኖ ቢ ሴልን አንቲቦዲ የሚያሠራ ነገር ሲፈልጉ ኖረው በ1986 ዘረ መሉን ለዩ። ወዲያው አንድ ጉድ ወጣ። ሌሎች ሰዎች በጉበት ላይ የሚያጠኑት ነገር፣ ሌሎች ደግሞ የኢንተርፌሮን ዓይነት ነው ብለው የያዙት ነገር፣ ሁሉም እሱው ነበር። እኛ ይህ አይገርመንም፤ አንድ ልጅ እቤት ማሙሽ፣ መዝገብ ላይ ሌላ፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በክርስትና ስሙ ነው። ኢንተርሉኪን-6 ቢ ሴሉን ያሠራል፣ ጉበትን ያነቃል፣ ትኩሳት ያስነሳል።

የልብ ውስጥ ዕጢ፣ ማይክሶማ፣ የያዛቸው ሕሙማን ትኩሳትና ራሳቸውን የሚያጠቃ አንቲቦዲ እንደሚኖራቸው ሐኪሞች ያውቁ ነበር፤ ዕጢው ተቆርጦ ሲወጣ ሁሉም ይጠፋል። የኦሳካዎቹ ሰዎች ዕጢውን ሲፈትሹ ኢንተርሉኪን-6 እያፈሰሰ አገኙት። ከዚያ ኢንተርሉኪን-6ን የሚሰማውን መቀበያ የሚዘጋ መድኃኒት ሠሩ፤ ቶሲሊዙማብ ይባላል። በ2005 ጃፓን ውስጥ ተፈቀደ፣ በኋላ ለመገጣጠሚያ ሕመም ዋለ፣ በ2021 ደግሞ በኮቪድ ክፉኛ ለታመሙ እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት መከረ። መድኃኒቱ ራሱ አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ አሠሪውን መልእክት የሚያፍነው አንቲቦዲ ሆነ።

(ሙዚቃ፤ ረዘም ይላል)

አሁን ወደ መተማና ሁመራ ልውሰዳችሁ፤ ሰሊጥ ወደሚታጨድበት ቆላ። እዚያ ዋልካው መሬት በበጋ ሲሰነጣጠቅ በስንጥቁ ውስጥ የአሸዋ ዝንብ ይደበቃል። ዝንቡ የካላዛርን ተባይ ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል። በሽተኛው ለሳምንታት ይተኩሰዋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ግራ ጎኑን ሞልቶ ይወርዳል። በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኝ ሲነሳ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር።

ከዚህ በሽተኛ ደም ወስዳችሁ ጠጣሩ ተለይቶ የቀረው ፈሳሽ ላይ አንድ ጠብታ ፎርማሊን ብትጨምሩ ፈሳሹ ይረጋል፤ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጭ ድርቅ ይላል። ድሮ ሌላ መሣሪያ በሌለበት በሽታው በዚህ ይመረመር ነበር። የሚያረጋው ምንድን ነው? ከልክ በላይ የበዛ አንቲቦዲ ነው።

ሰውየው በአንቲቦዲ ተጥለቅልቋል፤ እየሞተ ግን ነው። «የበሽታ መከላከያን የሚጨምር» የሚል ማስታወቂያ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይህ የረጋ ደም ነው። ምኑን ነው የሚጨምረው?

ተባዩ የሚኖረው ማክሮፋጅ በሚባሉት ትልልቅ ሴሎች ሆድ ውስጥ ነው፤ አንቲቦዲ እዚያ አይገባም። ተባዩን የሚገድለው ማክሮፋጁ ራሱ ነው፣ ኢንተርፌሮን-ጋማ የሚባለው መልእክት «ግደል» ሲለው። የካላዛር በሽተኛ ደም ውስጥ ግን ኢንተርሉኪን-10 ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ መልእክት ለማክሮፋጅ «ተው» ነው፣ ለቢ ሴል «ሥራ»። የዳርዲሊዎቹ ሰዎች ሳህን ላይ ያዩት እዚህ ሰው ላይ ሆነ። ኢንተርሉኪን-6ም አብሮ ይጨምራል፣ ቢ ሴልን በሕይወት የሚያቆየው ባፍ የሚባለውም። ይባስ ብሎ አንቲቦዲ የተለጠፈበትን ተባይ የዋጠ ማክሮፋጅ ተጨማሪ ኢንተርሉኪን-10 ሊያወጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ተጨማሪ አንቲቦዲ ያሠራል። ከሚሠራው አንቲቦዲም ብዙው ተባዩን ጨርሶ የማያውቅ ነው፤ ሁሉም ቢ ሴል በጅምላ ተቀስቅሶ ያገኘውን ይረጫል።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ላይ ያለው ፈጣን መመርመሪያ፣ አርኬ39 የሚባለው ወረቀት፣ የሚፈልገው አንቲቦዲውን ነው። በሽተኛው ታክሞ ከዳነ በኋላም ወረቀቱ ለወራት፣ ለዓመታትም ሁለት መስመር ማሳየቱን ይቀጥላል። ስለዚህ አንዴ ታክሞ የነበረ ሰው ትኩሳት ይዞት ቢመለስ ወረቀቱ አይጠቅምም፤ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ተቀድቶ ተባዩ ራሱ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አንቲቦዲው ይህን ያህል ጊዜ ከየት ይመጣል? ንፍፊቱ ሲጎድል ሥራቸውን ከጨረሱት ሴሎች ብዙዎቹ ይሞታሉ። ጥቂት ፕላዝማ ሴሎች ግን ወደ መቅኔ ይሄዳሉ። እዚያም ብቻቸውን አይኖሩም፤ ጎረቤቶቻቸው ኢንተርሉኪን-6ና የባፍ ዘመድ የሆነውን ኤፕሪልን እያንጠባጠቡ ያቆዩአቸዋል። ባፍ ሲበዛ ራስን የሚያጠቁ ቢ ሴሎችም አብረው ይተርፋሉ፤ ሉፐስ በሚባለው በሽታ ላይ ይህ ይታያል፣ በ2011 የተፈቀደው ቤሊሙማብ የሚባለው መድኃኒት የተሠራውም ባፍን ለመያዝ ነው።

እስከ መቼ ይቆያል? በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው የኅዳር በሽታን አስበን ነው፤ በ1918 ዓለምን የጠረገውን ኢንፍሉዌንዛ። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች በዚያ ዓመት ሕፃናት የነበሩ 32 አዛውንት ፈልገው ደም ወሰዱ፤ ውጤቱን በ2008 አወጡ። የ32ቱም ደም የ1918ን ቫይረስ የሚይዝ አንቲቦዲ ነበረው። ከአንዳንዶቹም ቢ ሴል ወስደው ላብራቶሪ ውስጥ አንቲቦዲውን ሠሩበት፤ በዚያ ቫይረስ የተያዙ አይጦች አንቲቦዲው ሲሰጣቸው ከሞት ተረፉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጣፊያ እንጨዋወታለን። ሰላም ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)